ጦቢያ በወንድ ልብስ፣ አስቴር በባሏ ካባ

በመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት ሴት የሌላ ሴት ፍቅር ይይዛታል። ይህን ስናገር መጽሐፉን በትምህርት ቤት ያነበበው ሰው ሳይቀር «የት ቦታ ላይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። ጦቢያ የምትባል ልጃገረድ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ስትንከራተት በአንድ አረመኔ ንጉሥ እጅ ትወድቃለች። ንጉሡ አይገድላቸውም፤ ግቢው ያስቀምጣቸዋል። እዚያው ግቢ ውስጥ የንጉሡ የቅርብ ዘመድ የሆነች ወይዘሪት ይህን ደመ ግቡ ጎረምሳ ታየዋለች፤ ልቧም ይሸፍታል። ጎረምሳው ሴት መሆኑን አታውቅም። እኛ እናውቃለን። ጦቢያም ታውቃለች፤ እውነቱን ብትናገር ምን እንደሚመጣባት ግን አታውቅም።

እስቲ እዚህች ላይ ትንሽ እንቆይ። ስለ ጦቢያ ሲወራ ብዙ ጊዜ ይህች ቦታ ትዘለልና ወሬው ወደ ሠርጉ ይሮጣል። እኔ ግን ፍቅርና የሴቶች ባልንጀርነት በልብ ወለዶቻችን እንዴት እንደተያዙ ለሚጠይቀኝ ሰው የማሳየው ይህችኑ ነው፤ ከዚያም ተነሥቼ እስከ ዘመናችን ደራሲ እስከ ማዕዛ መንግሥቴ ድረስ እወስደዋለሁ። መንገዳችን በመተማ ያልፋል። ለምን በመተማ እንደሆነ ወዲያው ታዩታላችሁ።

መጽሐፉን የጻፈው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። ጣና ዳር፣ ዘጌ ተወለደ፤ በ1879 ዓ.ም. ሥዕል ሊማር ወደ ጣልያን አገር ተላከ፤ ኋላም ኔፕልስ ከተማ አማርኛ አስተማረ። «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ የሰየመውን ይህን ሥራ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አሳተመው። ዘጠና ገጽ ገደማ ነው። አገር ቤት ሲታተም «ጦቢያ» ተባለ፤ እኛም በዚሁ ስም ለመድነው። የሰውየው የፖለቲካ ሕይወት ሌላ ጣጣ ነው፤ በአድዋ ጊዜ ከጣልያን ወገነ፣ በአምስቱ ዓመት ወረራም እንዲሁ፣ ነጻነት ሲመለስ ጅማ ተግዞ ዐይኑ ጠፍቶ እ.ኤ.አ. በ1947 ሞተ። እሱን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወውና ወደ ልጅቱ እንመለስ።

ከመካከላችሁ ሼክስፒርን ያነበበ ካለ እስካሁን ፈገግ ብሏል። «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» በሚባለው ተውኔት ቪዮላ ከመንታ ወንድሟ ተለይታ፣ ወንድ መስላ መስፍን ቤት ታድራለች፤ ኦሊቪያ የምትባል ባለጸጋ እመቤት ታፈቅራታለች፤ በመጨረሻ ኦሊቪያ የቪዮላን መንታ ወንድም ታገባለች። ሼክስፒርም ታሪኩን ከራሱ አላመነጨውም፤ ከሱ በፊት በ16ኛው መቶ ዘመን ሲዬና በምትባለው የጣልያን ከተማ የተሠራ ኮሜዲ ይህንኑ መንታ፣ ይህንኑ ልብስ መቀየር ይዟል። ጦቢያና ወንድሟ ዋህድም መንታ ናቸው፤ ያች ወይዘሪትም በመጨረሻ የምትዳረው ለዋህድ ነው። እንዲህ እስከመመሳሰል ድረስ!

ልዩነቱ ግን ከመመሳሰሉ ይከብዳል። ቪዮላን ከወንድሟ የለያት የመርከብ መሰበር ነው። ጦቢያን ከወንድሟ የለያት የባሪያ ንግድ ነው። መርከብ ቢሰበር የባሕር ቁጣ ነው፣ ማንንም አትከስበትም። የባሪያ ንግድ ግን ገበያ አለው፣ ዋጋ አለው፣ ደላላ አለው፣ መንገድ አለው።

የታሪኩ አጀማመር ሽንፈት ነው። የክርስቲያኖቹ ጦር ድል ይሆንና የጦቢያ አባት፣ ደጃዝማቹ፣ ይማረካል፤ ባሪያም ይሆናል። አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ያዝንለትና ዋጋውን ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል፤ በምላሹ ምንም አይጠይቅም። ደጃዝማቹ ቤቱ ይገባል። እንግዲህ የቤተሰቡ ሁለተኛ መከራ የሚመጣው ከዚሁ ቸርነት ነው። ዋህድ የአባቱን ውለታ ልመልስ ብሎ ያን ነጋዴ ፍለጋ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይገባል። አሁን ደግሞ እሱን ፍለጋ አባትና እኅት ይወጣሉ፤ እኅቲቱ በወንድ ልብስ። አንዱ ሌላውን ከባርነት ስለዋጀ ሦስተኛው ራሱን ለባርነት ያጋልጣል። በዚህ መጽሐፍ ፍቅር መጀመሪያ የሚመጣው በውለታ መልክ ነው፣ የሚከፈል ዕዳ ሆኖ። የወንድና የሴት ፍቅር እስኪመጣ ብዙ ገጽ ይሄዳል፤ ሲመጣም እንዳያችሁት በር ተሳስቶ ነው የሚገባው።

አፈወርቅ ታሪኩን ቀንና ስፍራ ባልተቆረጠለት ጥንት ላይ አስቀምጦታል። እሱ ባደገበት አገር ግን ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ ስፍራ ሞልቶ ነበር። አንዷ መተማ ናት። መተማን ያላያችሁ ካላችሁ፦ ከጎንደር ወደ ምዕራብ፣ በጭልጋ አድርጋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ደጋው ያልቅና ወበቁ ፊታችሁን ይመታዋል። ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራበት ሰፊ ቆላ ይዘረጋል። ገንዳ ውኃ፣ የጥንቱ ሸኽዲ፣ ታልፎ፣ ኮኪት ታልፎ መተማ ዮሐንስ ይደረሳል። ከዚያ ወዲያ አንዲት ትንሽ ድልድይ ናት፤ ማዶው ጋላባት፣ ሱዳን። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ያለፉት እዚያ ነው፤ የከተማዋም ስም ከእሳቸው የመጣ ነው።

ከዚያ ጦርነት በፊት ግን መተማ የምትታወቀው በገበያዋ ነበር። ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ተነሥተው በዚያው የቀሩ ተክሩሮች ሰፍረውባት፣ ሼኻቸው ለኢትዮጵያም ለግብፅም እየገበረ ሁለቱን ወገን አቻችሎ ይኖር ነበር። የዘጌ ቡና ወደዚያ ይወርዳል፤ ሰም፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ይወርዳል፤ ከዚያ ጥጥ ይወጣል። ሰውም ይወርዳል። ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ልጆች በጎጃሙ የበሶ ገበያ አልፈው፣ በጎንደር አድርገው መተማ ይደርሱና ወደ ሱዳን ይሻገራሉ። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 እዚያ ደርሶ ያየውን ጽፏል፤ በምንጣፍ ዳስ ውስጥ ታጉረው ገዢ የሚጠብቁ ልጃገረዶች። ከወንዶቹ ይልቅ እነሱ ይፈለጉ ነበር፤ ለጓዳም ለመኝታም። ቤከር ስለ መልካቸው ብዙ ይላል፤ እርስ በርስ ምን እንደሚነጋገሩ ግን አንድ መንገደኛ ከየት ያውቀዋል? ቋንቋቸውስ ይገጥም ነበር?

አፈወርቅ ወደ ጣልያን በሄደ በዓመቱ ደግሞ የባሰ መጣ። በ1880 ዓ.ም. የድርቡሹ አዛዥ አቡ አንጃ ሳር ውኃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ድል መታና ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ብዙ ሴቶችና ልጆች ተማርከው በመተማ በኩል ወደ ኦምዱርማን ተነዱ፤ ከምርኮኞቹም የንጉሡ ቤተሰብ ነበረበት። የተሸነፈ የክርስቲያን ጦር፣ ምርኮኛ የሆነ መኳንንት፣ በየገበያው የተበተነ ቤተሰብ። «ጦቢያ»ን ሳነብ የሚታየኝ ይህ ነው። አፈወርቅ የጻፈው ስለ 1880 ነው ብዬ አልከራከርም፤ ነገር ግን የጣና ዳር ሰው ምርኮና ባሪያ ፍንገላ ምን እንደሆኑ ለማወቅ የጣልያን ቲያትር አያስፈልገውም ነበር።

አንድ የማይጥም ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ዘጌም ከዚህ ንግድ ንጹሕ አልነበረችም። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የዘጌን ቡና የሚያለሙት ካህናት ባሪያ ያሠሩ ነበር፤ ያውም በ20ኛው መቶ ዘመን፣ እስከ ጣልያን ወረራ ዋዜማ ድረስ። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የ«ጦቢያ» የመጀመሪያ አንባቢዎች፣ ማለትም ፊደል የቆጠሩት መኳንንትና ካህናት፣ ዋህድ ሲሸጥ እንባቸው ሲመጣ ጓዳቸው ውስጥ ወፍጮ ላይ የተደፋች የተገዛች ሴት ልትኖር ትችላለች። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ግቢው እንመለስ። የንጉሡ ዘመድ ጦቢያን ወዳለች። በተለመደው ንባብ ይህ የሚያስቅ ስሕተት ነው፤ ልብሱ ሲወልቅ ስሕተቱ ይታረማል፣ ሁሉም ይስቃል። እኔ ግን ሳቁ አይመጣልኝም። ጦቢያ ምርኮኛ ናት። ያች ወይዘሪት የማራኪው ሥጋ ናት። ምርኮኛ፣ ለዚያውም ወንድ ነው ተብሎ የሚታሰብ ምርኮኛ፣ ለንጉሥ ዘመድ «አልፈልግሽም» ማለት ይችላል? «እሺ» ቢልስ ማታውን ምን ሊሆን ነው? ጦቢያ ያለችው ሁለት ገደል መካከል ነው። ወይዘሪቷም ብትሆን አልተመቻትም፤ ለምትወደው ሰው ልቧን ስትከፍት የምታገኘው መሸሽ ብቻ ነው፣ ምክንያቱንም የሚነግራት የለም። ሁለት ወጣት ሴቶች እርስ በርስ ለመተዛዘን ይህን ያህል ቀርበው፣ በመካከላቸው ግን ልብሱና ባለቤትነቱ አለ። ልብሱ ይወልቃል፤ ባለቤትነቱ ግን አብሮ የሚወልቅ ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ይሄዳል። የጦቢያ ሴትነት ይገለጣል። አሁን ንጉሡ ራሱ ይወዳታል። እሷም ያለ ክርስትና አይሆንም ትላለች፤ ንጉሡ ይጠመቃል፣ አገሩም ይከተለዋል፣ ያገባታል። ዋህድ ተገኝቶ የንጉሡን ዘመድ ያገባል። ማራኪና ተማራኪ በጋብቻ ታረቁ ማለት ነው፤ አፈወርቅ ሊለው የፈለገው ትልቁ ነገር ይህ ነው፣ ለ1900 ዓ.ም. ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ንጉሡ በጦር የማረካትን በፍቅር ይማረክላታል። ጦቢያም ዝም ብላ የምትዳር ሙሽራ አይደለችም፤ ውሉን የምታስረው እሷ ናት።

የእኔ ቅሬታ ስለ ሁለተኛዋ ሙሽራ ነው። የወደደችው አንድ ሰው ነበር፤ የተሰጣት ያንኑ ፊት የያዘ ሌላ ሰው ነው። ሼክስፒርም ኦሊቪያን በዚሁ መንገድ ነው የሸኛት፣ በዚህ አፈወርቅን ለብቻው አልወቅሰውም። ግን ጥያቄውን አንሡት፦ እነዚህ ሁለት ሴቶች ከሠርጉ በኋላ እርስ በርሳቸው ምንድን ናቸው? አንዷ የንጉሡ ሚስት፣ ሌላዋ የንጉሡ ዘመድና የእኅቱ ባል ወንድም... ቆዩ፣ እኔም ተጠላለፈብኝ፤ ሌላዋ የጦቢያ ወንድም ሚስት። የዝምድናው ገመድ በአራት በኩል ተቋጥሯል። ባልንጀሮች ናቸው ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ ግን መጽሐፉ መልስ የለውም። አፈወርቅ ለሴቶች ቅርበት የነበረው አንድ መቀመጫ ነው፣ እሱም ጋብቻ። አንዲት ሴት ሌላዋን የምታገኛት በወንድሟ ወይም በባሏ በኩል ነው።

ይህ የሱ ድክመት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ58 ዓመት በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ የወጣውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አስቡት። ስለ ፍቅር ከዚያ የበለጠ የተወደደ መጽሐፍ በአማርኛ የለንም። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ ቤቱ ሰው በሰው ነው። ሎሌው፣ ገረዱ፣ እንግዳው። ግን ሰብለ ምሥጢሯን ከማን ጋር ታወራለች? እኩያዋ የሆነች ባልንጀራ አጠገቧ አናይም። የልቧን የሚያውቁላት ወንዶች ናቸው፤ የሚወዳት በዛብህና ያ ሁሉም «ጉዱ» የሚለው ካሳ። እሷም በተራዋ ልብስ ትቀይራለች። ጦቢያ በወንድ ልብስ እንደወጣች ሰብለ በመነኩሴ ልብስ ከአባቷ ቤት ትወጣና በዛብህን ፍለጋ መንገድ ትገባለች። ያ ጉዞ ልብ ይሰብራል፤ የምትደርሰው እሱ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ነውና። ሐዲስ ዓለማየሁ የባላባቱን ቤት እንደ ሽንኩርት ልጦ አሳይቶናል፤ የባላባት ልጅ ብቸኝነት ከየት እንደሚመጣ ግን በቀጥታ አልነገረንም። እኔ ሲመስለኝ የሚመጣው ከዚያው ነው፦ በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ሁሉ የቤቱ ናቸው። ባልንጀራ ደግሞ የቤቱ ልትሆን አትችልም።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛዋ። ማዕዛ መንግሥቴ አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ከአገር የወጣች ደራሲ ናት፤ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። «ዘ ሻዶው ኪንግ» የተባለው ልብ ወለዷ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ሆነ። ታሪኩ በ1928 ዓ.ም. ስለመጣው የጣልያን ወረራ ነው፣ በተለይም ስለዘመቱት ሴቶች። ብዙ አንባቢ «ስለ አርበኞች ሴቶች» ብሎ ያልፈዋል። ለእኔ ግን ይህ መጽሐፍ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የሚሄደው፦ እመቤትና ገረድ ባልንጀራ መሆን ይችላሉ?

ሂሩት ወላጆቿ የሞቱባት ልጅ ናት፤ በኪዳኔና በሚስቱ በአስቴር ቤት ታገለግላለች። ከአባቷ የቀራት አንድ ንብረት ውጅግራ ጠመንጃ ነው። ኪዳኔ ለጦሩ መሣሪያ ሲሰበስብ ያን ጠመንጃ ይወስድባታል። አስቴር ደግሞ አንድ ልጇ ሞቶባት ልቧ የቆሰለ ሴት ናት፤ ባሏ ልጅቷን የሚያይበት ዓይን አይጥማትም። ያለቀሰችውን ሁሉ ሂሩት ላይ ታወጣዋለች፣ በአለንጋም ጭምር። ከሁለቱ ሌላ አንዲት ወጥ ቤት አለች፤ አስቴርን ከልጅነቷ ጀምራ የምታውቅ፤ ደራሲዋ ስሟን አንድም ጊዜ አትነግረንም። ሦስቱም አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። የአስቴርም ጋብቻ ፈልጋ የገባችበት አይደለም፤ በልጅነቷ ተድራ፣ የሠርጓ ሌሊት በጉልበት ያለፈ ነው። እመቤቲቱም በተራዋ የተሰጠች ሰው ናት ማለት ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ አስቴር የባሏን ካባ ደርባ ሴቶችን ለዘመቻ ትጠራለች። ይህች በመጽሐፉ ውስጥ በጣም የምወዳት ቦታ ናት፣ ከሚያስቆጡኝም አንዷ ናት። የምወዳት፣ ጦቢያ በስውር የለበሰችውን አስቴር በአደባባይ ስለለበሰችው ነው፤ ማንንም ለማታለል አልለበሰችውም፣ ሴትነቷ ከነካባው ይታያል። የሚያስቆጣኝ፣ አስቴር ስለ ሴቶች ክብር ስትናገር ቤቷ ውስጥ የገረፈቻት ልጅ እዚያው ቆማ መስማቷ ነው። ማዕዛ ይህን አትሸፋፍነውም። «ሴቶች ሁሉ እኅቶች ናቸው» የሚለውን ጣፋጭ ወሬ አትሸጥልንም። ካምፕ ውስጥ ቁስለኛ ሲሸከሙ፣ ባሩድ ሲያዘጋጁ፣ እንጀራ ሲጋግሩ፣ ማን እንደሚያዝዝና ማን እንደሚታዘዝ ይታያል። ኪዳኔም የጦር መሪ ሆኖ ሂሩትን ይደፍራታል፣ ደጋግሞ። በዚህ መጽሐፍ የወንድና የሴት ፍቅር የሚባለው ነገር ከይዞታ የሚለይበት ቦታ እምብዛም የለም። ንጉሡ ጦቢያን ማርኮ ሲያገባት ቅኔ ነበር፤ እዚህ ቅኔው ተገፎ ምርኮው ብቻ ቀርቷል።

ታዲያ ባልንጀርነቱስ? ይመጣል፣ ዘግይቶ፣ ይቅርታ ሳይጠየቅበት። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ ከተሰደዱ በኋላ ሂሩት አንድ ነገር ታስተውላለች፦ ምንም የሚባለው ድሃ ገበሬ መልኩ ቁርጥ ንጉሡን ነው። የንጉሥ ልብስ ያለብሱታል፣ ፈረስ ላይ ያወጡታል፣ ሕዝቡ ንጉሡ አልሸሸም ብሎ ይበረታል። ከጎኑ በዘብነት የሚቆሙት ሂሩትና አስቴር ናቸው። አሁን ሁለቱም አንድ ዓይነት የዘብ ልብስ ለብሰዋል። የእመቤት ልብስና የገረድ ልብስ የለም። ከዚያ ደግሞ አብረው ይማረካሉ። ፉቼሊ የሚባለው የጣልያን አዛዥ ያስራቸዋል፤ ኤቶሬ ናቫራ የሚባለው ወታደር በካሜራ ፊት ያቆማቸዋል፣ ለውርደት። ማዕዛ ፎቶውን አታሳየንም፤ በቃል ትነግረናለች፤ አቋማቸውን፣ እጃቸውን፣ ፊታቸውን ወዴት እንዳዞሩ። ሁለቱ ሴቶች በዚያ እስር ቤት ውስጥ ምንም የላቸውም፣ አንዷ ሌላዋን የምታዝበት ነገር እንኳ የለም። እኩል የሆኑት እዚህ ነው። ስትጠሉት የነበረውን ሰው ብቸኛ ምስክራችሁ ሆኖ ብታገኙት ምን ትሉታላችሁ? ወዳጅ ማለት ይበዛል። ጠላት ማለትም አይሆንም።

ወጥ ቤቷን አትርሱ። እሷ በዚህ እርቅ ውስጥ የለችበትም። ኋላ ፊፊ ከምትባለው፣ ከፉቼሊ ጋር እየኖረች ምሥጢር ከምታወጣው ሴት ዘንድ ትገባለች። አስቴር የምትሰብከው ነጻነት ለወጥ ቤቷ እንዴት እንደሚደርስ ግልጽ አይደለም፤ ስሟንም ይዛ ትቀራለች። እንደ አንባቢ ያ ስም አለመነገሩ ያናድዳል። እንደ አገር ሰው ግን የምናውቀው ነገር ነው። ስንቱ ቤት ውስጥ ነው ለዓመታት ያሳደገን ሰው ሙሉ ስም የማናውቀው?

ያን በልባችሁ ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን አምጡት። ጦቢያና የንጉሡ ዘመድ፣ ሰብለና የቤቷ ሴቶች፣ አስቴርና ሂሩት። በሦስቱም መጻሕፍት ሁለት ሴቶችን የሚለያያቸው የሚወዱት ወንድ አይደለም፤ እሱ የፊልም ወሬ ነው። የሚለያያቸው አንዷ የሌላዋ ቤት ንብረት መሆኗ ነው። መተማን በመካከል ያስገባሁት ለዚህ ነው፤ ያ ንብረትነት ዋጋ የሚቆረጥለት እዚያ ገበያ ላይ ነበርና። አፈወርቅ በጋብቻ ዘጋው። ሐዲስ ሰብለን ብቻዋን መንገድ አስገባት። ማዕዛ ግን ቁስሉን ከፍታ አየችው፣ ለዚህም ከሦስቱ የሴቶችን ነገር በተመለከተ እሷን አስቀድማለሁ። በፍቅር ግን፣ ይቅርታችሁን፣ ከሰብለ የሚበልጥብኝ የለም።

መተማ ዛሬም ያንኑ ጥያቄ ይዛ ተቀምጣለች። ባሪያ ንግዱ የለም። ግን በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከየደጋው ከሚወርዱት ሳሉጎች፣ ማለትም የወቅት ሠራተኞች፣ መካከል እንጀራ ለመጋገርና ወጥ ለመሥራት የሚመጡ ሴቶች አሉ። ያችን ድልድይ ተሻግረው ካርቱም የሰው ቤት ሊሠሩ፣ ሻይ ሊሸጡ የሄዱ ልጃገረዶች ብዙ ናቸው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ በዚያችው ድልድይ ወደ ኋላ መመለስ መጣ፤ የእኛዎቹም፣ ሱዳናውያኑም። አሠሪዋና ሠራተኛዋ በአንድ ሰሞን በአንድ በር ከጦርነት ሸሽተው ገቡ። አስቴርና ሂሩት እስር ቤት ውስጥ የደረሱበት ቦታ ይህ አይደል? ከዚህ ቆላ የሚነሣ፣ ሁለት ሴቶችን ይዞ የሚሄድ ልብ ወለድ ቢጻፍ ቀድሜ ገዢው እኔ ነኝ።

ማዕዛ መንግሥቴ ስለ መጽሐፏ ስትጠየቅ የምትናገረው አንድ ታሪክ አለ። ቅድመ አያቷ ጌጤይ ገና ልጅ ሳለች ጣልያን መጣ። ከየቤቱ የመጀመሪያ ልጅ መሣሪያ ይዞ ይዝመት ተባለ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እሷ ነበረች። አባቷ ግን ጠመንጃውን ለተዳረችለት ባል ሰጠ። ጌጤይ አባቷን ዳኛ ፊት አቆመች፣ ተሟገተች፣ ረታች፣ ጠመንጃዋን ይዛ ዘመተች። ማዕዛ ይህን የሰማችው ስለ ሴት ዘማቾች የሚተርከውን ልብ ወለዷን ለዓመታት ስትጽፍ ከኖረች በኋላ ነው፣ ከገዛ እናቷ። እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም ብላ ብትጠይቃት እናቷ የመለሰችላት ጠይቀሽኝ ስለማታውቂ ነው ብላ ነው።

እናንተ የመተማ፣ የቋራ፣ የጭልጋ፣ የአርማጭሆ ልጆች፤ አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዘንድሮ ጠይቋቸው። ስለ ባላቸውና ስለ ጦርነቱ ሳይጠየቁ ይነግሯችኋል። እናንተ ስለ ባልንጀራቸው ጠይቁ፤ ምሥጢር የሚያወሩት ከማን ጋር እንደነበር፣ ጓዳ ውስጥ አብራቸው የምትፈጨው ማን እንደነበረች፣ ከየት እንደመጣች። ስሟን አስጠሩና ጻፉት።